የማን ውሃ ነው የወጣው?

ጠቡ የተነሣው በእጣቢ ነው። ባለቤቴ ኸይሪያ የሥጋ መቀቀያ ድስቷን አጥባ እጣቢውን በራሷ ገንዳ ደፋችው። ውሃው መውረዱን ትቶ እየተጉረመረመ ሄደና በጓደኛዋ በእትዬ ሰብለወንጌል ገንዳ ብቅ አለ። እዚያ ደግሞ የተለቀመ፣ የታጠበ ምስር ተዘፍዝፎ ነበር። የሁዳዴ ምስር።

እትዬ ሰብለ ጮኸች። ድስት እግሯ ላይ የወደቀባት መስሎኝ ሽንኩርት ከማወርድበት መኪና ሮጬ ገባሁ። ሁለቱ ሴቶች ምስሩን ግራና ቀኝ ይዘው እንደ ሬሳ ጠባቂ ቆመዋል። ምስሩ ላይ የሥጋ ስብ ክብ ክብ እየሠራ ይንሳፈፋል።

«የማን ውሃ ነው?» አለች እትዬ ሰብለ።

«የማን ይሆናል? የኔ ነዋ!» አለች ኸይሪያ።

ይህን ጊዜ ልብ ያለው ሰው ቢኖር «ውሃው ለምን ወጣ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኛ ግን ያንን ጥያቄ እስከ ዓርብ ማታ ድረስ አልጠየቅነውም። የጠየቅነው የማን ውሃ እንደሆነ ብቻ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ኸይሪያ የደሴ ልጅ ናት፤ ሙስሊም። እትዬ ሰብለ የደብረ ብርሃን ሰው ናት፤ ኦርቶዶክስ። ሁለቱ እዚህ ጀርመን ሀገር፣ ጊንሃይም በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የቴሌቪዥኑ ማማ ቁልቁል ከሚያያቸው ፎቆች ባንደኛው ምድር ቤት፣ ምግብ ቤት አላቸው። በሀገራችን ሙስሊም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም፣ ክርስቲያንም የሙስሊም ሥጋ አይበላም። አብሮ ማልቀስ፣ አብሮ መዳር፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ማሳደግ ይቻላል፤ ቢላዋው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ቢላዋው ሁለት፣ መክተፊያው ሁለት፣ ፍሪጁ ሁለት ነው። የዕቃ ማጠቢያ ሲንኩ ደግሞ ባለ ሦስት ገንዳ ነው፤ ከተዘጋ የፋብሪካ ካንቲን አግኝተን እኔና ወንድሜ ኑዕማን ተሸክመን ያመጣነው። ግራው የኸይሪያ ነው፣ ቀኙ የእትዬ ሰብለ ነው፣ መካከለኛው የጾም ምግብ ዕቃ ማጠቢያ ነው፣ የጋራ። ስፖንጁ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ነው። እንግዳ ሲመጣ ለባንዲራ ብለው ያደረጉት ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ፓኬቱ ውስጥ ያለው ቀለም እሱ ስለሆነ ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገቡ። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ አይቀምሱም። የሁለት ጿሚዎች ምግብ ቤት ምን እንደሚመስል ጨው የበዛበትን ሽሮ የበሉ ደንበኞቻችን ይመስክሩ።

ያን ቀን እትዬ ሰብለ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለችና የሲንኩን የታች በር ከፈተች። ምግብ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ እዚያ ውስጥ ያየችው የሳሙናውን ጠርሙስ ብቻ ነበር። አሁን ሳሙናውን ገፋ አድርጋ ከኋላው ያለውን አየች። ከሦስቱ ገንዳዎች የሚወርዱት ቱቦዎች አንገት ላንገት ተቃቅፈው አንድ ይሆኑና፣ እንደ ጉልበት በታጠፈ አንድ አሮጌ ሲፎን በኩል ግድግዳው ውስጥ ይገባሉ።

«አብዱሰላም» አለችኝ፤ አብዱ ብላ የምትጠራኝ ሴት። «አንድ ናቸው እንዴ?»

«አንድ ናቸው።»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ?»

«እኔ ነኝ የገጠምኳቸው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

የሽንኩርት ጆንያው ላይ ተቀመጠች። «ሦስት ቀዳዳ ሳይ ሦስት መንገድ መስሎኝ» አለች። ኸይሪያም ጎንበስ ብላ አየች። እሷም አላወቀችም ነበር፤ ግን ጠብ ላይ ስለነበረች እንደሚያውቅ ሰው ሆነች።

«እኔ በሰው ሀገር ጾሜን በስንት ነገር ጠብቄ» አለች እትዬ ሰብለ፣ «ለካ ምስሬን በሥጋ እጣቢ ሳጥብ ኖሬያለሁ!»

ኸይሪያ ፊቷ ተለዋወጠ። «የኔ ውሃ ርኩስ ነው ማለትዎ ነው?»

አንቱ አለቻት! ልጄ ሪሃብ እንኳ፣ ለሁሉም ነገር በጀርመንኛ የምትመልሰው፣ እትዬ ሰብለን አንቺ ነው የምትላት። ነገሩ መክፋቱ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እትዬ ሰብለ ተነሥታ ሽርጧን ፈታች። ቱቦው ካልተለየ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድስቶቿን ይዛ እንደምትወጣ ለግድግዳው ተናገረች። ኸይሪያም በሩ ሰፊ መሆኑን ለፍሪጁ ነገረችው።

ፈራሁ። ቁጡ ሰው ነኝ፤ ኤርፖርት ካርጎ ውስጥ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ፤ ፍርሃት ግን ብዙም አላውቅም። ያን ማታ ኸይሪያ በተምር ብቻ አፍጥራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትተኛ ፈራሁ። ምክንያቱም እትዬ ሰብለ ለሷ ማን እንደሆነች አውቃለሁ።

ሪሃብ የተወለደች ጊዜ ዞሰንሃይም ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። ዘመድ የለን፣ ጎረቤት የለን። እትዬ ሰብለን የምናውቃት ኸይሪያ ከምታጸዳበት ቢሮ ነበር፤ ሰላምታ ብቻ። ያቺ ሴት ሁለት አውቶቡስ ቀይራ እሙስሊሙ ሥጋ ቤት፣ ጃብር ዘንድ ሄዳ ዶሮ አሳረደች። የክርስቲያን ሥጋ የነካው ድስት እንዳይሆን ብላ አዲስ ድስት ገዛች። ሠርታ አመጣችልን። የሙስሊም እርድ ነውና ጨው መቅመስ አትችልም፤ በግምት ነው የጨመረችው። እኔ አንዴ ጎረስኩና ምላሴ ተቃጠለ፤ ቀይ ባሕር ውስጥ የዋኘች ዶሮ ነበረች። አፌን ልከፍት ስል ኸይሪያ በአልጋ ልብሱ ውስጥ ረገጠችኝ።

«ጨውስ?» አለች እትዬ ሰብለ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ።

«ልክ ነው» አለች ኸይሪያ። አጥንቱን ሳይቀር ጨርሳ በላችው። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሳመላልስ አደርኩ።

እንግዲህ ይህች ናት እሑድ የምትወጣው።

በማግስቱ ወደ አንድ የቧንቧ ድርጅት ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው ሰው ከፋሲካ በኋላ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ሊሰጠኝ እንደሚችል ነገረኝ። «የማን ፋሲካ?» አልኩት፤ የእነሱና የእኛ ክርስቲያኖች ፋሲካ ይለያያልና። ሰውዬው ስልኩን ዘጋው። ቤቱን የሚጠብቀው ሃውስማይስተርም ክራንክ ነው፣ ታሟል አሉኝ። ስለዚህ የቀሩት የእትዬ ሰብለ ባል ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው።

ጋሽ ሀብቴ በተማሪነት መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ በባቡር ምልክት መብራት መሐንዲስነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሐኪም ከልክሏቸው አይጾሙም፤ ሚስታቸው እንዳታዝንባቸው ግን ኩሽና ውስጥ እንደ ሌባ ተደብቀው ነው የሚበሉት። ጎንበስ ብለው ቱቦዎቹን ለረጅም ጊዜ አዩ፤ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ሰክተዋል።

«አብዱ፣ ይኼ ቀላል ነው» አሉኝ። «ውሃም እንደ ባቡር ነው። መስመሩን ከለየህለት አይጋጭም። ለእያንዳንዱ ገንዳ የራሱን ሲፎን እንሰጠዋለን። ሲፎን ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ ይቆማል አይደል? ያ ውሃ ዘበኛ ነው። የኸይሪያ ወደ ሰብለ አያልፍም፣ የሰብለም ወደ ኸይሪያ።»

«ግድግዳው ላይ ያለው መውጫ ግን አንድ ነው፣ ጋሼ።»

«ከዘበኞቹ በኋላ ቢገናኙ ምን ቸገረን? እሱ የከተማው ጉዳይ ነው።»

እኔም በደስታ ተቀበልኩ። አንድ ነገር ግን አስይዤ ነው፤ ግድግዳው አጠገብ ያለው አሮጌው ሲፎን እንዳይነካ። እኔ ነኝ የገጠምኩት፤ ያን ሁሉ ዓመት አንዲት ጠብታ አንጠባጥቦ አያውቅም። የሚሠራ ነገር አይነካም አልኳቸው። ጋሽ ሀብቴም «ጌናው፣ ልክ ነህ፣ አይነካም» አሉ። መሐንዲስና የካርጎ ሠራተኛ እንዲህ በአንድ ቃል ሲስማሙ መጠርጠር ነበረብኝ።

ኦስትኤንድ ወዳለው ባውማርክት፣ የግንባታ ዕቃ ወደሚሸጥበት መደብር፣ ሄድን። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሸበቶ ሻጭ ጋሽ ሀብቴ በእርሳስ የሣሉትን የቱቦ ሥዕል አገላብጦ አየው።

«ለሦስት ገንዳ አንድ ሲፎን ነው የሚገባው» አለ። «ለምንድን ነው አራት የሆነው?»

«አንዱ አሮጌ ነው፤ አይቆጠርም» አልኩት።

«ውሃው ይቆጥረዋል። ሲፎን በሲፎን ላይ ከደረባችሁ በመካከሉ አየር ይታፈናል፤ አይወርድም። አንድ በቂ ነው።»

ይህ ሰው ሕዝባችንን አያውቅም ብዬ በትዕግሥት ላስረዳው ጀመርኩ። «ይኸው፣ ይኼ የግራው ገንዳ ሙስሊም ነው። ይኼ የቀኙ ክርስቲያን ነው።»

መነጽሩን አደረገ። «መካከለኛውስ?»

«እሱ የጾም ነው።»

ሰውዬው ግራ ገብቶት ወደ ጋሽ ሀብቴ ዞረ። «ቪጋን ማለቱ ነው» አሉት ጋሽ ሀብቴ።

«አሃ፣ ቪጋን!» አለና ፊቱ በራ። ከነገርነው ሁሉ አንዱ ገባው። ሦስት ሲፎን ሰጠን፤ ደረሰኙን እንዳንጥለው ግን ደጋግሞ አሳሰበን። መመለሱ አይቀርም ማለቱ ነበር፤ እኛ ግን የጀርመን ጠባይ ነው ብለን ስቀን ወጣን።

ዓርብ ከጁምዓ ሰላት መልስ ሥራ ጀመርን። ምግብ ቤቱን ዘጋን። በሩ አጠገብ እትዬ ሰብለ ብርጭቆዎቿንና ትንንሽ ድስቶቿን በጋዜጣ ጠቅልላ ያሸገችው ካርቶን ተቀምጧል። ባለፍን ባገደምን ቁጥር እግራችን እንዳይነካው ዞር ብለን እናልፋለን።

የታች ሥራ የኔ ነበር። በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጾመኛ ሆኜ፣ አፍንጫዬ ሥር የድሮ ሽንኩርት እየሸተተኝ፣ በቧንቧ መፍቻው በጃራቱቦ አንዱን ሳጠብቅ ሌላው ይላላል። ጋሽ ሀብቴ ከላይ ሆነው የእጅ መብራት ያበሩልኛል፤ መብራቱን የሚያበሩት ግን ሥዕላቸው ላይ ነው። «ሦስተኛው ጎሚኒ ገብቷል?» ይሉኛል። «ገብቷል ጋሼ!» እላለሁ። ያልገባው ጎሚኒ፣ የጎማው ቀለበት፣ ደረቴ ላይ ተቀምጧል። ቋንቋዬ እየከፋ ሲሄድ፣ ጾሜ እንዳይበላሽ ብዬ ስድቡን ወደ ዚክር ለወጥኩት። እያንዳንዱን ብሎን ሱብሃነላህ እያልኩ አጠበቅሁ።

ማታ ሲቃረብ አለቀ። ሦስት ነጭ አዲስ ሲፎኖች ተሰልፈው፣ ከኋላቸው አሮጌው የኔ ሲፎን እንደ አለቃ ቆሞ፣ ያምር ነበር። ሚስቶቻችንን ጠራን።

ሁለቱ ገቡ። ሰላምታ የለም። እትዬ ሰብለ በቀጥታ የኸይሪያ ገንዳ አጠገብ ሄዳ ቆመች፤ የሥጋው ውሃ በርግጥ መውረዱን በዓይኗ ልታይ። ኸይሪያ ደግሞ የእትዬ ሰብለ ገንዳ አጠገብ ቆመች፤ በኋላ ምንም ነገር በሷ ላይ እንዳይላከክ። እያንዳንዳቸው የሌላዋን ገንዳ እየጠበቁ ቆሙ ማለት ነው።

ሦስቱን ገንዳዎች በውሃ ሞላን። ጋሽ ሀብቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ» አሉ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም በየመስመሩ ነው።» ውታፎቹን ነቀልን።

ውሃው ትንሽ ወረደ። እትዬ ሰብለ ትንፋሿን ለቀቀች። ከዚያ ሥር፣ ከኔ ቆንጆ ሲፎኖች ውስጥ፣ የሚያስጎመዥ ምግብ በልቶ ሆዱ የታወከ ሰው ድምፅ መጣ። መካከለኛው ገንዳ አረፋ አነሣ። ቀጥሎ የእትዬ ሰብለ የጎመን ቅጠል በኸይሪያ ገንዳ በኩል እየተሽከረከረ ብቅ አለ። የኸይሪያ የሽንኩርት ልጣጭም በተራው በእትዬ ሰብለ ገንዳ ወጣ። ሦስት ሲፎን ጨምረን ያመጣነው ለውጥ፣ ውሃው ቀድሞ በአንድ አቅጣጫ ይሄድ የነበረው አሁን በሁሉም አቅጣጫ መሄዱ ነው።

«አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ» አለች ኸይሪያ ቀስ ብላ፣ «ለባለቤትዎ ይንገሩልኝ፤ ጎመናቸው ገንዳዬ ውስጥ ገብቷል።»

«አብዱሰላም» አለች እትዬ ሰብለ፣ «ለሚስትህ ንገራት፤ ሽንኩርቷን ትውሰድልኝ።»

በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ገንዳ ነው። እኔ ግን መልእክቱን አደረስኩ፤ ምን ላድርግ።

ጋሽ ሀብቴ ደማቸው ፈላ። ያን የእንጨት እጀታ ያለውን ጎማ፣ ጀርመኖች ፑምፐል የሚሉትን፣ አነሡና መካከለኛው ገንዳ ላይ ደፍተው በሙሉ ጉልበታቸው ተጫኑት። ገንዳዎቹ ከታች ወንድማማቾች መሆናቸውን ረስተው ነበር። ውሃው በግራው ገንዳ ቀዳዳ ተስፈንጥሮ እትዬ ሰብለን ፊቷን መታት። ደነገጡና ደገሙት። አሁን በቀኙ ወጣና የኸይሪያን ሻሽ አራሰው።

«ሀብቴ!» አለች አንዷ።

«ጋሼ!» አለች ሌላዋ።

እኔ ከታች ገብቼ አየሁ። አዲሶቹ ቱቦዎች በእያንዳንዱ ግፊት ይርገበገባሉ፤ አሮጌው ሲፎን ግን ንቅንቅ አይልም። ያን ጊዜ ገባኝ። ውሃው የሚመለሰው የሚሄድበት ስለሌለ ነው። የኔ ሲፎን፣ ያ እንዳይነካ ያስከበርኩት፣ ተደፍኗል። አሁን ይህን ለሦስቱ እንዴት እንደምነግራቸው ሳስብ ጋሽ ሀብቴ ጎማውን ለሦስተኛ ጊዜ አነሡ።

«ቀዳዳዎቹን ያዙ!» ብዬ ጮህኩ። «ካልተያዙ ግፊቱ ወደ ግድግዳው አይሄድም! ከፊታችሁ ያለውን ያዙ!»

ሴቶቹ የዕቃ ጨርቅ አንሥተው ከፊታቸው ያለውን ቀዳዳ በሁለት እጃቸው ደፈኑ። ከፊታቸው ያለው ደግሞ የሌላዋ ነው። እትዬ ሰብለ የኸይሪያን፣ ኸይሪያ የእትዬ ሰብለን።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሂድ!» አሉ ጋሽ ሀብቴ።

«አጥብቂው!» አለች እትዬ ሰብለ።

«አጥብቄዋለሁ!» አለች ኸይሪያ።

«የታል ያጠበቅሽው? ይኸው እየተፋ ነው!»

«ያንቺ ነው የሚተፋው፣ በጎን በኩል! መዳፍሽን እጠፊው!»

«ሂድ!»

«በክርንሽ! በክርንሽ ተጫኚው፣ እትዬ!»

በቀጥታ እየተነጋገሩ መሆናቸውን ማንኛቸውም አላስተዋሉም። እኔ ግን ሰማሁ፤ አንቺ ስትላትም ሰማሁ። ተኝቼ ጆሮዬን ለማቆም ግን ጊዜ አላገኘሁም፤ የአሮጌው ሲፎን የታች ክዳን ከነጎሚኒው ወልቆ፣ ውስጡ የነበረው ሁሉ ፊቴ ላይ ወረደ።

ቀዝቃዛ ነበር፤ ይለጠጣል፤ ጢሜን ይዞ አይለቅም። መጮኽ ፈልጌ ነበር። ነገር ግን አፌን ከከፈትኩ ይገባል፤ ከገባ ጾሜ ፈረሰ፤ ማፍጠሪያው፣ መግሪብ፣ ሊደርስ ደግሞ ጥቂት ነው የቀረው። ከንፈሬን ገጥሜ በአፍንጫዬ እያቃሰትኩ በእጄ ባልዲ ባልዲ እያልኩ ሳመለክት፣ ጋሽ ሀብቴ መብራታቸውን አበሩብኝና «ደህና ነህ?» አሉኝ። ዓይኔን አጉረጠረጥኩባቸው። በሽምግልናቸው አከብራቸዋለሁ እንጂ ሌላ ነገር ነበር የሚገባቸው።

ከላይ ግን ሦስቱም ገንዳዎች በአንድ ጊዜ፣ ረጅም ትንፋሽ እንደሚተነፍስ ሰው፣ ጥርግ ብለው ወረዱ፤ ከኔ ላይ፣ ጋሽ ሀብቴ በመጨረሻ ወዳቀበሉኝ ባልዲ።

ወጣሁ፤ ታጠብኩ። አራታችን ባልዲው ላይ ጎንበስ አልን። ቡናማ፣ የሚዝለገለግ፣ ፍሬ ፍሬ ያለው ነገር ነው። ጋሽ ሀብቴ በእርሳሳቸው ነካ አደረጉት። ኸይሪያ አሸተተችው።

«ተልባ ነው» አለች።

ተልባ! የተወቀጠ ተልባ ውሃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ለሀበሻ አይነገርም። ኸይሪያ በረመዳን በየቀኑ ለማፍጠሪያ ተልባ በማር ትበጠብጣለች። እትዬ ሰብለ በሁዳዴ በየቀኑ ተልባ በጨው ትበጠብጣለች። ሁለቱም ዝቃጩን በየገንዳቸው ሲደፉ ሰንብተዋል። በሌላው ዓመት አንዱ ጾም ቀድሞ ሌላው ይከተል ነበርና ሲፎኑ ፋታ ያገኝ ነበር። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች አብረው ተደረቡበት።

«የማን ተልባ ነው?» አለች እትዬ ሰብለ ከልማድ።

ባልዲው ውስጥ የማሩም የጨውም አንድ ላይ ረግቷል። ጋሽ ሀብቴ ቀና ብለው፣ «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» አሉ፤ ሲንጫጩ የሰነበቱትን ሁለቱን ሴቶች ለመሸንቆጥ ነው። ሁለቱም እኩል ገላመጧቸው። ጠቡ ከተነሣበት ከረቡዕ ጀምሮ አውቀው አንድ ላይ ያደረጉት የመጀመሪያው ነገር ነበር።

እኔ ዝም ብዬ አዲሶቹን ሦስት ሲፎኖች መፍታት ጀመርኩ። ሸበቶው ሻጭ እንዳለው፣ ሦስቱን ቱቦ አገናኝቼ፣ አሮጌውን ጥዬ፣ አንድ አዲስ ሲፎን ብቻ ገጠምኩ። ከላዬ የኸይሪያ ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ።

«እትዬ ሰብለ። ውሃዬን ተጸየፍሽው?»

«ተጸይፌው አይደለም» አለች እትዬ ሰብለ። «ደነገጥኩ። እዚህ ሀገር ከመጣሁ ስንት ነገር ተውኩ፤ ሰፈሬን ተውኩ፣ ዘመዴን ተውኩ። ጾሜን ግን ይዤ ነበር። እሱም በማላውቀው በኩል ሲፈስስ የኖረ መሰለኝ።» ከዚያ እሷም ጠየቀች፤ «አንቺስ? የኔ የክርስቲያን ሥጋ እጣቢ በሾርባሽ ላይ ቢወጣ?»

«እጮህ ነበር» አለች ኸይሪያ። «ካንቺ የባሰ።»

ስልኬ አዛን አለ። ኸይሪያ ተምር ፍለጋ ኪሷን ዳበሰች። እኔ ከሲንኩ ሥር ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ለማፍጠሪያ የተዘጋጀ ነገር የለም፤ በቱቦ ጠፍተን ነበር የዋልነው።

እትዬ ሰብለ ከፍሪጇ አንድ ማሰሮ አወጣች። ጠዋት ለራሷ የበጠበጠችው ተልባ ነው። እሷም ከጠዋት ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሰችም። ብርጭቆ ፈለገች፤ መደርደሪያዋ ባዶ ነው። ሁላችንም ወደ በሩ አየን። ካርቶኑ ዘንድ ሄደች፣ ያሸገችበትን ፕላስተር በጥርሷ ቀደደች፣ ብርጭቆዎቹን ከጋዜጣው አንድ በአንድ ፈታች። ለኸይሪያ ቀዳችላት።

ሥጋ የለበትም፣ ቅቤ የለበትም፤ ቢላዋ ያልነካው ነገር ነው። ከነዚያ ሁሉ ድስቶች መካከል ሁለቱ ሴቶች ሳይጠያየቁ ከአንድ ዕቃ የሚጠጡት ይኼ ነበር።

ኸይሪያ ቢስሚላህ ብላ ጠጣች። ሳታቋርጥ፣ እስከ ታች።

«ጨውስ?» አለች እትዬ ሰብለ።

«ልክ ነው።»

እኔም ተጎነጨሁ። ያቺ የዞሰንሃይም ዶሮ ምላሴ ላይ ክንፏን ዘርግታ ተነሣች። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አፌን ልከፍት ስል የኸይሪያ እግር እግሬን አገኘው። እኔ፣ በቁጣዬ የታወቅሁት አብዱሰላም፣ ዋጥ አደረግሁና «አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

እትዬ ሰብለ አማትባ የራሷን አነሣች። አንድ ጊዜ ተጎነጨችና ቆመች። ብርጭቆውን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ኸይሪያ ዞረች።

«ኸይሪዬ» አለች። «ይኼ እኮ ጨው ብቻ ነው።»

ኸይሪያ ከንፈሯን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

እትዬ ሰብለ ፊቷ ላይ አንድ ነገር እየተከፈተ ሲሄድ አየሁት፤ ሰባተኛውን ፎቅ፣ አዲሱን ድስት፣ በሩ ላይ ሳታወልቅ የቆመችበትን ኮት እያስታወሰች ነበር።

«ዶሮውስ?» አለች በሹክሹክታ። «ያኔ… ዶሮውስ?»

ኸይሪያ ባዶ ብርጭቆዋን ዘረጋችላት።

«ድገሚኝ» አለቻት።